የሽሪምፑ ደምና የወንድሜ ግንባር

ውድ ወንድሜ ግሩም፤

ሰላምታ ሳያስቀድሙ ወሬ መጀመር ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ለአሥራ አንድ ዓመት ለማንም ያልነገርኩትን ካላስቀደምኩ እስክሪብቶው አልንቀሳቀስ አለኝ። ባለቤቴ ደግፌ ዳቦ ቤቱ ምድጃ ፊት ወድቆ የሞተ ዕለት ጠዋት፣ «ሸዌ፣ ራሴን እያዞረኝ ነው፤ ዛሬ ልቅር» ብሎኝ ነበር። «ሙቀት ሰው ገድሎ ያውቃል? ሂድ» ብዬ ኮቱን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ለለቀስተኛው ሁሉ ግን ደህና ሆኖ ነው የወጣው አልኩ። ለአንተም እንዲሁ።

አሁን እንግዲህ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ማዞሩ ተወህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ገብቶ ከቤቴል ወደ እኛ የሚያመጣው መንገድ ጭቃ ብቻ ሆኗል።

ባለፈው ስትደውል፣ እዚያ በሰው አገር ሽሪምፕ የሚሉትን ትንሽ የባሕር ፍጥረት የምታረቡበት ኩሬ ዳር ሁለቴ ራስህን ስተህ እንደወደቅክ ነገርከኝ። ወዲያው ደግሞ እንዳላስብ፣ ሙቀት ጎድቷችሁ እንደሆነ የተመረመራችሁበት ውጤት ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ፣ አለቃውም እሱን እያሳየ ገና አልተጎዳችሁም እንዳላችሁ አወራኸኝ። ስትቀጠሩ ደም ስለሰጣችሁ የእናንተ ውጤት መስሎህ ነው። በስልክ ፎቶውን የላክህልኝን ያን ወረቀት፣ ጦር ኃይሎች መንገድ ዳር በገዛሁት አሮጌ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አንድ ሳምንት ሙሉ ቃል በቃል ፈታሁት። ያልገባኝን ፋርማሲ የምትሠራው ጎረቤቴ ርሆቦት አስረዳችኝ።

ግሩም፣ ወረቀቱ ስለ እናንተ አይደለም። ስለ ሽሪምፑ ነው።

ውሃው ሲሞቅ በሽሪምፑ ገላ ውስጥ የሚበዛ ፕሮቲን አለ። ሽሪምፑ ገና እየዋኘ፣ ገና እየበላ፣ ደህና መስሎ ሳለ፣ የዚያ ፕሮቲን መብዛት ሙቀቱ እየጎዳው እንደሆነ ቀድሞ ይናገራል። ስለዚህ በየሦስት ቀኑ ደሙን ቀድተው ይለካሉ። ከፍ ካለ ውሃውን የሚያናፍሰውን ሞተር ይጨምራሉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያስለቅቁለታል። ጥሩ እውቀት ነው፤ አልነቅፈውም። እኔን ያንገበገበኝ፣ ያንን ቀዝቃዛ ውሃ የምትለቀው አንተ በእኩለ ቀን ፀሐይ ቆመህ መሆኑ ነው። ስትወድቅ ግንባርህን የዳሰሰ አንድ ሰው የለም። አለቃህ ደግሞ ማንበብ ይችላል። የሽሪምፕ ደም እያሳየ ደህና ናችሁ ማለቱ ስህተት አይደለም፣ ንቀት ነው። ርሆቦት «እትዬ፣ ኧረ ደም ግፊትዎ ይነሳል» አለችኝ። ይነሳ።

ከቀኑ ስድስት እስከ አሥር ሰዓት ኩሬ ዳር እንዳትቆም። ያባርሩኛል ካልክ ተባረህ ና፤ ቤቱ አይጠበንም። ሲያዞርህ ለማንም ሳታስፈቅድ ጥላ ግባ። ደግፌን «ሂድ» ያለው አፌ አንተን «ቅር» ይልሃል።

ባለቤትህ ኤልሳቤጥ ናፍቆቷ በርትቷል። ልጅህ ሶፊ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሁለቱም ይስሙሃል። አብሮህ ለሚያድረው ለቦሩ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እህትህ ሸዋገነት
ኮልፌ ቀራንዮ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህንን ደብዳቤ ሦስት አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ የደግፌን ነገር ከአንዱም አላወጣሁም። አንዱ ለአንተ ነው። ሌላው መኝታ ክፍላችሁ ውስጥ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ለቦሩ። ሦስተኛው፣ ርሆቦት ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው፣ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ለፈረመችው ለሽሪምፖቹ ሐኪም።