ጋቢ የለበሰው በሬ

ሐሙስ፣ ጥር 14። ጧት

ዶሮዎቹ ተለቀቁ። ለሽንኩርቱ ውኃ ተመለሰ። ደብተሬ፣ ዛሬ እንግዳ አለብን። አዛለች፣ የእህቴ ልጅ፣ ከባ/ዳር ትመጣለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ወረታ እዚሁ ቤት ያደገች ናት። ማንበብ የለመድኩትም በእሷ አሮጌ የት/ቤት መጻሕፍት ነው። አሁን እሷ ዶ/ር፣ እኔ ያው እኔ።

ሥራዋ መርዝ ነው። የሽንኩርት ተባይ የሚገድለው መድኃኒት የሚረጨውን ሰው አንጎል ይጎዳል ወይ? ወጣትነቷን በዚች ጥያቄ ፈጀች። ውጭ አገር ሄዳ በአይጥ ጀመረች። አይጥ ፍለጋ ባሕር መሻገር ምን አስፈለገ፣ የእኔ ጎተራ ሞልቶ የለ ብዬ አስቄያታለሁ። አሁን ተራው የፎገራ ረጪዎች ነው። እኔም ዕድሜዬን መርጫ አዝዬ የኖርኩ።

ማታ

አልጋ አንጥፌ ነበር። ከባልደረቦቿ ጋር ሆቴል አረፈች። ሥራ ነው። ለሁለት የሠራሁት ወጥ ተረፈ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ቀበሌ ዋልን። እኔ ሰው ሰብሳቢ። ረጪዎቹ ዋርካው ሥር ተራ ይጠብቃሉ። አዛለች ውስጥ ሆና አምስት ቃል ታነባለች፤ ሌላ ሌላ ጠይቃ፣ ቆይታ፣ እስቲ ይድገሙልኝ ትላለች። መስኮቱ ክፍት! ለሁሉም ያው አምስት!

እርሻው በወንፈል፣ አጨዳው በወንፈል፤ ፈተና ለምን ለብቻ? አምስቱን ቃል አቀናበርኩላቸው፦ በሬ ጋቢ ለብሶ፣ ድልድይ ላይ ቁሞ፣ ማር ሲልስ በመስኮት አየሁት። ዋርካው ሥር ሳቅ በሳቅ። ጎረቤቴ አያ ምስጋን፣ “በሬው የማን ነው?” አለኝ።

“ያንተው ነዋ! ጋቢህን ሰርቆ ሸፈተ።”

ሁሉም እንደ ዳዊት እያነበነበ ገባ። ሁሉም አለፈ። እንዲህ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ!

እሑድ፣ ጥር 17

ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ልትበላ መጣች። አልበላላትም። ረጪዎቹ፣ ቀደም ብላ ይፋግ ላይ ከጠየቀቻቸው፣ መርጫ ነክተው ከማያውቁ ሰዎች በፈተናው በለጡ። ስሳሳት ኖሬ እንደሆነስ ጋሼ አለችኝ። ጥናቱ ይዘጋ ብላ ልትጽፍ ነው።

ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ ልላት አስቤ ተውኩት። ላጫውታት ብዬ እኔንም ፈትኝኝ አልኳት። ዘመድ ከጥናቱ አይገባም፣ ለጨዋታ ከሆነ ግን እሺ አለች። ፈገግ ብላ አምስቱን ቃል አነበበች። ወራቱን ወደ ኋላ አስቆጠረችኝ። ቆየችና፣ በል ድገም።

በሬ።

ከዚያ ባዶ።

በሬው ሌሎቹን በላቸው አልኩ። አልሳቀችም። እጄን ይዛ እንደ ሐኪም አገላብጣ አየችው። ሰሞኑን እንቅልፍ አጥተሃል ወይ? አዎ አልኩ። ዋሸሁ። ማመን ፈልጋ አመነች።

ሰኞ፣ ጥር 18

የዓርቡን ገጽ ብገልጥ ቃላቱ አሉ። አልገለጥኩም። ከሰው አፍ ልስማ ብዬ ወደ አጥሩ ሄድኩ። አያ ምስጋን ሽንኩርት ይኮተኩታል። በሬው ምን ላይ ነበር የቆመው አልኩት።

“ኧረ ተወኝ አንተ ሰው! ደግሞ ምን ልትሠራኝ ነው?”

እውነቴን ነው አልኩት። ይብስ ሳቀ። ሚስቱን ጠርቶ ነገራት፣ እሷም ሳቀች። አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ።

ቤቴ ስገባ ዝም ያለ ነው። ቀልደኛ ሰው ሲታመም ማን ያምነዋል?

ማክሰኞ፣ ጥር 19። ከጧቱ 1 ሰዓት

3 ሰዓት ላይ ወደ ባ/ዳር ትመለሳለች።

ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ ብላት ጥያቄዋ ይድናል። በሌላ ቃል እንደገና ትጠይቃቸዋለች። ግን ብልህ ናት። ቃላቱን ቀድሞ ያወቀ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያዜም የዋለ ሰው ከጠፉበት፣ ነገሩ እንቅልፍ ማጣት እንዳልሆነ ወዲያው ይገባታል። አንዱን ነግሮ ሌላውን መደበቅ አይቻልም። ሥራዬን ትቼ ላስታምምህ ትል ይሆናል። እምቢ እላለሁ። ወይም እሺ እላለሁ፣ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ዝም ብልስ? ዛሬም ማሳው ላይ የሚረጩ አሉ። እሷ ከተወችው ስለ እነሱ ማን ይጠይቃል?

መጀመሪያ ትቆጣለች። ቁጣዋን ቁሜ እችላለሁ።

ጫማዬን አድርጌያለሁ። ለመንገዱ ቀልድ አላዘጋጅም። ሆቴሉ በር ላይ ጠርቻት፣ አዛለች፣ ያ እንቅልፍ ያልኩሽ ውሸት ነው ብዬ እጀምራለሁ።