«የት ያርፋሉ?» ለሚለው ጥያቄ የሰጠሁት ሦስተኛ መልስ

ለክቡር የቪዛ ክፍል ኃላፊ፣
ስሙን ለጨዋነት ስል ለማልጠራው አገር ኤምባሲ፣
አዲስ አበባ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይም በነሐሴ ወር በላስታ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተነክሮ የነበረው እግርዎ ብርድ እንዳልገባበት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ስለ እግርዎ የምጠይቅበት ምክንያት ወደ ኋላ ይገለጥልዎታል። እኔ ዓይኔን ካልቆጠሩብኝ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ይማርሽም ደህና ናት፤ ሰላም በልልኝ ብላለች፣ ምንም እንኳ ሰላምታዋን እንዳለ እዚህ ላሰፍረው ባልችልም።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የምጽፈው ከድፍረት አይደለም። በላኩልኝ የቪዛ ክልከላ ወረቀት ግርጌ ላይ ለውሳኔው ይግባኝ እንደማይቀርብ፣ ለሚላክ ደብዳቤም መልስ እንደማይሰጥ በትሕትና ተገልጾልኛል። መልስ የማይጠበቅበት ደብዳቤ ደግሞ በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ከሚተኛ አገር ቢያነበው ይሻላል ብዬ ነው።

ስሜ ከፋለ ወልደ ሰንበት ይባላል። ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር እኖራለሁ፤ ለሠላሳ አንድ ዓመት መጀመሪያ በቅሎ እየሳብኩ፣ ኋላም የአስጎብኚነት ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የሰው አገር ሰው ሳዞር ኖሬአለሁ። ከይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ወለል በታች ባሕር አለ ይባላል። ካህናቱ አንዲት ትንሽ መክደኛ ያነሱና እርጥቡን አፈር በጣትዎ ያስነኩዎታል። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ከዚህ በታች ባሕር አለ» እያልኩ ስናገር፣ ባሕር የሚባለውን ነገር በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላየሁትም።

የዛሬ ዐሥር ዓመት ግን ብቻዋን የምትዞር አንዲት የእናንተ አገር መንገደኛ ያን አፈር ነክታ ጣቷን አሸተተችና፣ ባሕር እኮ ሌላ ጠረን አለው አለችኝ። ምን ዓይነት ጠረን ብዬ ብጠይቃት መጥተህ ካላሸተትከው አይነገርም ብላኝ ሄደች። ስትሄድም ስለ አገሯ የሚናገር፣ ጀርባው የተገነጠለ የመንገደኞች መምሪያ መጽሐፍ ትታልኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን አንድ ቦታ የሚያስቀምጥ ነገር ጠፋ። እንግዶቼን ዋሻው ውስጥ አቁሜ እየተናገርኩ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ማሳ ላይ ቆሜ ልቤ አውቶቡስ ይጠብቃል፣ ይማርሽ እህል አቅርባልኝ እያለ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ደጅ አያለሁ። «እሾህ ላይ የተቀመጥክ ነው የምትመስለው፤ ወይ ሂድና ይውጣልህ» ትለኛለች። መጽሐፉን በቃሌ ይዤዋለሁ። ከወደብ ከተማችሁ መናኸሪያ በየትኛው በር እንደሚወጣ፣ ጠረፉን ተከትሎ የሚሄደው አውቶቡስ እሑድ እንደማይሠራ፣ ከመጨረሻው ፌርማታ እስከ ውሃው ድረስ የአርባ ደቂቃ የእግር መንገድ እንደሆነ አውቃለሁ። በላስታ እግር ሃያ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ባለፈው ዓመት ደግሞ የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀርቤ ብርሃኔ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ መሆኑ ተነገረኝ። ጠብታ ታዝዞልኛል፤ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበርና ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ አታዘግይ አለኝ። ማየት የምፈልገው ነገር ስለነበረኝ ቅጽዎን ሞላሁ። ቅሬታዎቼን ከዚህ በታች በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቅሬታ የሚለው ቃል ከከበደዎ ምስጋና እያሉ ያንብቡት።

አንደኛ፣ ከላሊበላ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ሁለት ቀን ተጉዤ በኤምባሲዎ መስኮት መስታወት ፊት ለአራት ደቂቃ እንድቆም ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። የጉዞው ዓላማ በሚለው ላይ «ለማየት» ብዬ ጽፌ ነበር። እርስዎም እንደ ልማድዎ ጉሮሮዎን ሁለት ጊዜ ጠርገው ምን ለማየት አሉኝ፤ ባሕር አልኩ። ሌላስ አሉኝ፤ ሌላ የለም አልኩ። ውሃ ብቻ ለማየት ብሎ ይህን ያህል መንገድ የሚሄድ ሰው እንደሌለ በፈገግታ አስረዱኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ድንጋይ ብቻ ለማየት ብለው ያን ያህል መንገድ የመጡ ሰዎችን ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀብያለሁ፤ አንዳቸውንም «ሌላስ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ይህ የእኔ አለመማር እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።

ሁለተኛ፣ በተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ላይ በአገራችን በሚቆዩበት ጊዜ የት ያርፋሉ የሚል ጥያቄ አለ። እኔም የእውነቱን «በመሸብኝ ቦታ» ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ መልሴን በቀይ ብዕር ሁለት ጊዜ አስምረውበት ይህ አድራሻ አይደለም አሉኝ። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ የሰው አገር ሁሉ እንደ ላስታ መስሎኝ ነው። እኛ ዘንድ መንገደኛ ሲመሽበት ያገኘው ቤት ደጅ ላይ ቆሞ የመሸበት እንግዳ ነኝ ይላል፤ የቤቱ ሰው ደግሞ ቤቱ የእግዜር ነው ይለዋል፤ ጉዳዩም በዚያ ያልቃል። በልቶ እስኪጠግብ ስሙ እንኳ አይጠየቅም። የእናንተ መንገደኞች ወደ እኛ ይዘውት የሚመጡት መጽሐፍም ይህንኑ ያውቃል፤ ከፍላቂት ከተማ ወዲህ በእግር የሚሄድ ሰው ማደሪያ አስቀድሞ መያዝ እንደማያስፈልገው፣ የገጠሩ ሰው ደግ እንደሆነ ይናገራል። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳዬ ይህንኑ አንቀጽ ለራሴ አነበበልኝ፤ እኔም ለደግነታችን ስል ራሴን ነቀነቅሁ።

ሦስተኛ፣ ወደ አገሬ እንደምመለስ ማስረጃ አላቀረብኩም ተብያለሁ። ይህ ጭንቀትዎ ተገቢ ነው። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከሩቅ አገር ለመሳለም መጥተው እዚያው የቀሩ ሰዎች አጽም ተከምሮ ይታያል፤ እርስዎም አይተውታል። እኒያ ሰዎች ሲገቡ የመመለሻ ማስረጃ አልተጠየቁም ነበርና ይኸው ስንት መቶ ዓመት ሙሉ ከተፈቀደላቸው ቀን በላይ ቆይተውብናል። እስከ ዛሬ ውጡ ያላቸው የለም።

አሁን ወደ እግርዎ ልመለስ።

በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ የዋለው ዝናብ አባርቶ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አሊ የሚባል የወልድያ ሹፌር ከደጃችን ቆሞ ተጣራ። «ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። መኪናችን ጭቃ ገብታ እምቢ አለችን፤ አንድ ፈረንጅ ይዣለሁ፣ መሽቶብናልና በአላህ ይሁንባችሁ አሳድሩን» አለ። ይማርሽ ከውስጥ ሆና «ቤቱ የእግዜር ነው፤ ግቡ እንጂ፣ ምን ያስቆማችኋል» አለችው። የእኛ ቅጽ ይኸው ነው ክቡር ሆይ፤ ሞልቶ ለመጨረስ ደጅ ላይ ከመቆም የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

ፈረንጁን መደብ ላይ አስቀመጥነው። የዓይኔ ነገር እንደነገርኩዎ ስለሆነ በመሸ ጊዜ የሰው ፊት አይለይልኝም። የእንግዳ እግር ማጠብ የቤቱ አባወራ ሥራ ነውና ይማርሽ ሞቅ ያለ ውሃ በገበቴ አቀረበችልኝ፤ ጫማውን አወለቅሁ፣ ጭቃ የጠጣውን ካልሲ ገፈፍኩ፣ ቀኝ እግሩን ይዤ ማጠብ ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ እንግዳው ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገና፣ ይቅርታ፣ ይህን ማድረግ ግዴታ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እጄ ውሃው ውስጥ ቀጥ አለ። ያን ድምፅ በመስታወት በኩል ሰምቼው ነበር።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ተናደድኩ። ገበቴውን ገልብጬበት ልነሣ ምንም አልቀረኝም። ነገር ግን በእኛ ወግ እንግዳ በጣሪያህ ሥር እስካለ ድረስ የራስህን ጉዳይ አታነሣበትም፤ መብላቱ ዋጋ የሚከፈልበት ይመስለዋልና ነውር ነው። ስለዚህ ግዴታ አይደለም ብዬ የግራውን እግርዎን አመጣሁ። ቂጣና ስልጆ በልተዋል፤ ሁለት ጊዜም ጨምረዋል። በአልጋችን ላይ ተኝተዋል፤ እኔና ይማርሽ መሬት አንጥፈን ተኛን። እርስዎ ስለ ዋሻው፣ ስለ አጽሙ፣ ከወለሉ በታች አለ ስለሚባለው ባሕር ሲያወሩ አመሹ። አፈሩን እንደነኩ፣ ነገር ግን ምንም የባሕር ጠረን እንደሌለው ነገሩኝ። እኔም እንደሱ ሲሉ ሰምቻለሁ አልኩ።

በማግሥቱ የሠፈር ሰው ገመድ ይዞ መኪናዋን አወጣት። ሊሄዱ ሲሉ ስምዎ ያለበትን ካርድ በሁለት እጅዎ ሰጥተውኝ፣ የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ይጻፉልኝ አሉ። እኔ መልካም መንገድ ከማለት ሌላ አልተናገርኩም። ነገሩን ለይማርሽ የነገርኳት መኪናው ጥምዝ መንገዱን ካለፈ በኋላ ነው። «አንተ ሰው፣ ባሕርህን እግሩን አጥበህ ሸኘኸው» ብላኝ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

አራተኛውና ያበገነኝ ቅሬታ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመስከረም እንደገና አመለከትኩ፤ በዚህ ጊዜ እንደ ወጉ። ሆቴል የሚሠራው ወንዴ የሚባል ወዳጄ በስልኩ ማደሪያ አስያዘልኝ፣ የመሬት ይዞታ ደብተሬን፣ የጋብቻ ወረቀቴን፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የሐኪሙን ማስረጃ ሁሉ አያያዝኩ። በጥቅምት መልሱ ሲመጣ «ከአገርዎ ጋር ያለዎት ትስስር አጥጋቢ ሆኖ አልተገኘም» ይላል፤ ከሥሩ የዚያው እጅ ፊርማ አለ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ዓይኔ አሳስቶኝ እንደሆነ ብዬ ለይማርሽም አስነበብኳት። ትስስሬ አጥጋቢ አይደለም እርስዎ ካሉ እንግዲህ ማን ሊከራከር ይችላል? ከትስስሬ እጅ በልተዋል፣ በትስስሬ አልጋ ላይ ተኝተዋል፣ ጠዋት ትስስሬ ደጅ ድረስ ሸኝታዎታለች። አጥጋቢ አልነበረም ቢሉኝ እኮ ቂጣ ሦስተኛ ጊዜ እናቀርብ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ አመልክቻለሁ። በቅጹ ላይ ሐሰት የጻፈ ሰው ዳግመኛ እንዳያመለክት እንደሚታገድ ተጽፏል፤ ስለዚህ አንድ ሐሰት ላርም። በአገራችን የሚያውቁት ሰው አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ማመልከቻ የለም ብዬ ነበር፤ ያን ጊዜ እውነት ነበር። በመስከረሙ ማመልከቻ ግን የለም ስል ዋሽቻለሁ፤ እግሩን ያጠብኩት ሰው ነበረኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን «አለ» ብዬ የእርስዎን ሙሉ ስም ከካርድዎ ላይ ገልብጬ አስፍሬአለሁ፤ ካርዱንም አያይዤዋለሁ። ተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ላይ ደግሞ የት ያርፋሉ ለሚለው «ከእርሳቸው ቤት» ብያለሁ። በዚህ ጊዜ ስም ያለው አድራሻ ስለሆነ ቀይ ብዕሩ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም ብዬ አምናለሁ።

ሐሰት ነው የሚሉ ከሆነ ሥራዎ ቀላል ነው። ይህን ሰው አላውቀውም፣ ከቤቱም አላደርኩም ብለው ይጻፉና ይፈርሙበት፤ እኔም እስከ ዕድሜ ልኬ ልታገድ። እውነት ነው የሚሉ ከሆነም ሥራዎ ቀላል ነው። ሁለቱም አንድ ፊርማ ነው የሚፈልጉት፤ የትኛውን እንደፈረሙ በራሴ ዓይን አንብቤ ለመረዳት ግን ቢፈጥኑልኝ ደስ ይለኛል። ቢዘገይም ተስፋ አልቆርጥም፤ ዓይኔ ቢቀድመኝ አፍንጫዬ ይቀረኛል፣ የባሕሩ ነገር የጀመረውም በጠረን ነውና። ያን ጊዜ የአርባ ደቂቃውን መንገድ ክንዴን ይዞ የሚያደርሰኝ ሰው ያስፈልገኛል፤ በአገርዎ ደግሞ ከእርስዎ በቀር የማውቀው ሰው የለም።

ከማክበር በላይ ማክበር ካለ በዚያ ልክ፣ ሁለቱንም እግርዎን በእኩል ትጋት ያጠብኩት፣ ትስስሩ አጥጋቢ ያልሆነው አመልካችዎ፣
ከፋለ ወልደ ሰንበት፣
ላስታ፣ በይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ዳር።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያን ቀን ጠዋት እስኪደርቅ ሳይጠብቁ ትተውት የሄዱት ግራጫ ካልሲ ይማርሽ ዘንድ ታጥቦና ታጥፎ ይገኛል። ባለፈው ሳምንት እያራገፈችው «ይመለሳል ይሆን ይሄ ሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። አጥጋቢ ማስረጃ ስላላቀረበ ለመናገር እቸገራለሁ ብያታለሁ።