አሥራ አንድ ጊዜ የቆመ ሰዓት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከቀኑ 11፡10።

አራተኛው የጨዋታ ቪዲዮ አለቀ። ድምፁን ዘግቼ፣ የሩጫ ሰዓት ይዤ፣ እንደ ላቦራቶሪ ናሙና ነው የምመረምረው፤ ጫጫታ ቆጠራ ያበላሻል። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ውጤቱን ላንተ ቀድሜ ልንገርህ፦ ጋሽ ተክሌ በአራት ጨዋታ አሥራ አንድ ጊዜ ፖዝ አድርገዋል፤ ጨዋታውን አቁመዋል። አሥራ አንድ! ሦስቴ ቆጠርሁ። ሌሎቻችን በአንድ ጨዋታ ከአንድ አላለፍንም።

ደነገጥሁ። በኦንላይን የእግር ኳስ ቪዲዮ ጌም ሊጋችን (አሥራ ሁለት ተጫዋች፣ አሜሪካ፣ ዴንቨርና አውሮራ) በዕድሜ የሚበልጡን እሳቸው ናቸው። ዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ፣ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ፣ ይሠራሉ። አማርኛን አሥመራ ት/ቤት የተማሩ፣ ቃላቸው የተመዘነ ሰው። ጨዋታ በቆመ ቁጥር የተጋጣሚ ጥቃት ይሰበራል፤ ይህ ሰዓት መግደል ነው። ቅዳሜ ሩብ ፍጻሜ ላይ እኔን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ አራት ጊዜ አቁመውብኛል። በአጋጣሚ ተመችቶኝ ነበር፤ ባለቤቴ ሄለን ሥራ ላይ ስለነበረች፣ የስምንት ወሯን ሶስናን ለማባበል ጊዜ አገኘሁ። ነገር ግን ምቾት ሕግ አይሆንም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከምሽቱ 1፡40።

ከሊጉ ኮሚቴ ስብሰባ መመለሴ ነው፤ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና፣ ከአንድ ምግብ ቤት የጓዳ ጠረጴዛ። የአዲሱን ደንብ ረቂቅ አነበብሁ። አንድ አጋማሽ ስድስት ደቂ.። በተከላካዮች መካከል ኳስ እያመላለሱ ሰዓት መግደል ክልክል። በጨዋታ ሁለት ፖዝ፤ ካለፈ ፎርፌ። ቁጥሩን አሳየሁ። ከዚያ ሰብሳቢያችን ዳዊት፣ ታክሲ እየነዳ ቀኑን ሙሉ ሲቀልድ የሚውል ሰው፣ «እሳቸው እኮ መኪና ለምደው ኳሱንም ፓርክ ያደርጉታል!» አለ። ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ደንቡ ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ይጽና ያለውም እሱ ነው። ያ ማለት ጋሽ ተ. በፎርፌ ይወድቃሉ፤ ወደ ግማሽ ፍጻሜ የማልፈው እኔ ነኝ። ሐሳቡን አላቀረብሁም። አልተቃወምሁም። ዝምታዬን እዚህ እመዘግባለሁ።

ዐርብ፣ ጥቅምት 7። ከጠዋቱ 1፡30።

ውሳኔው ትናንት በሊጉ ግሩፕ ተለጠፈ። ተቃውሞ ጠብቄ ነበር። ሁለት ገጽ መልስ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ዛሬ ጠዋት የጻፉት ይኸው፦ «ሕግ ሕግ ነው ልጆቼ። ካያችሁት ትክክል ይሆናል። ሶስናን ሳሙልኝ።» ከዚያ ከግሩፑ ወጡ። ሦስት ዓመት አንድ ጨዋታ ያልቀሩ ሰው! ከሥራ ሲወጡ የሚጠብቃቸው ይህ ሊግ ብቻ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሁለት ገጹን መልስ ምን ላድርገው?

ሌላም አለ። የልጄን ስም መቼ ነገርኋቸው?

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ከቀኑ 8፡15።

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን። ቪዲዮዎቹን ለመዝገብ ላስቀምጥ ከፈትሁ። ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀቅሁት፤ የሁለቱም ተጫዋቾች ማይክ አብሮ ይቀረጻል። ሄለን ሶስናን ታቅፋ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ልጅቷ እቅፏ ውስጥ ተኝታለች፤ ታዲያ ማን ነው የሚያለቅሰው አለችኝ። ከስክሪኑ ነው። የሩብ ፍጻሜው ዕለት ሶስና ናት። ለቅሶዋ ይጀምራል፤ አንድ ሰከንድ፣ ሁለት፤ ሰዓቱ ይቆማል። ያቆሙት እሳቸው ናቸው። «ሶስናዬ፣ መጣሁ» እያልሁ የጆሮ ማዳመጫዬን ጥዬ ስሮጥ ይሰማል። ስሟን የነገርኋቸው እንዲህ ነው።

እኔ ከሄድሁ በኋላ የቀረው ድምፅ የእሳቸው ነው። ባዶ ክፍል ያናግራሉ፦ «አንሣት ልጄ፣ ቀስ በል። ኳሱ የትም አይሄድም።»

አራቱም ፖዝ እንደዚያው። ሌሎቹን ከፈትሁ። ዳዊት ስልክ ሲጠራበት «እማዬ ናት» ይላል፤ ሰዓቱ ይቆማል። የሌላ ተጫዋች በር ይንኳኳል፤ ሰዓቱ ይቆማል። ከአሥራ አንዱ አሥሩ ለእኛ። አሥራ አንደኛው የራሳቸው ነው፤ ሳል ይዟቸው።

ድምፅ ዘግቼ ቆጠርሁ። እኔ! ቁጥሩ አንድም ስሕተት የለበትም። ሄለን ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከቀኑ 9፡00።

ከግማሽ ፍጻሜው እንደምወጣ ለዳዊት ላክሁ። በድምፅ መለሰ፦ «አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ? ፍጻሜ ደጃፍ ደርሶ የሚመለስ አለ?» የራሱን ጨዋታ ቆርጬ ላክሁለት። ከዚያ አንድ መስመር፦ ይቅርታ በስልክ አይጠየቅም፣ ነገ ጠዋት እንሂድ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከቀኑ 7፡30።

ጋራዡ መግቢያ ላይ፣ ትንሿ የመስታወት ክፍል። ጋሽ ተክሌ ሲያዩን «ቲኬት ሳትይዙ ነው የገባችሁት?» አሉ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልሁ። «ተው፣ ተነሥ! ካሜራ አለ፤ ከሥራ ታስባርረኛለህ።»

ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅሁ። መኪና መጣ፤ ቲኬት ተቀበሉ፣ ሸኙ፣ ተመለሱ። «ልጅህ ስታለቅስ ነው ያቆምሁት ብዬ ልከራከርህ? ነውር አይደለም እንዴ?» ዳዊት ስለ ፓርኪንጉ ቀልድ ሊናዘዝ ሞከረ። ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ለሥራ ባልደረቦቼ ነግሬያቸዋለሁ አሉት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

ለተጋጣሚ ሲባል የቆመ ሰዓት አይቆጠር የሚል አንቀጽ ጽፌ ይዤ ነበር። አንብበው መለሱልኝ። «ሁለት ፖዝ ይበቃል፤ ሕጉን አትንካው። ግን ልጅህ ስታለቅስ አንተው አቁም። ሽማግሌ እስኪያቆምልህ አትጠብቅ።»

ውሳኔ፦ ወደ ኋላ የሚሠራው አንቀጽ ተሰርዟል። የቅዳሜው 2 ለ 1 ይጸናል። ግማሽ ፍጻሜውን የሚጫወቱት ጋሽ ተክሌ ናቸው፤ ስሜን በገዛ እጄ ፍቄያለሁ። እሳቸውም ግሩፑ ውስጥ ተመልሰው ገብተዋል። ቆጠራዬ የጎደለውን እዚህ ላስፍር፦ አንደኛ፣ በሩብ ፍጻሜው ዕለት ለቅሶዋን እኔም ሰምቼ ነበር። ጣቴ ግን ማጥቂያው ቁልፍ ላይ ነበር። ሁለተኛ፣

ሶስና ነቃች፤ ታለቅሳለች። እዚህ ላይ አቁሜ…