በሽቦ የታሰረው ጠርሙስ

ይድረስ ለተሰማ፣ ለቤቴ አባወራ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብልህ መልሱ እንደማይመጣልኝ አውቃለሁ፤ ብቻ እኛ ደኅና ነን። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ፤ መሠረተ ትምህርት ግቢ እያልክ የጨቀጨቅኸኝ አንተው ነህ።

ትልቁን ወሬ ላስቀድም፦ ልጃችን ብርሃኑ ከብሔራዊ ውትድርና ተመለሰ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ግን እጁም እግሩም ሙሉ ነው። ከአየር ጤና በእግሩ መጥቶ በሩ ላይ ሲቆም መጀመሪያ ያየው ያንተን ወንበር ነው። መሞትህን አልሰማም ነበር። ጥቁር ልብሴን አይቶ ገባው።

ያቺን ጠርሙስ ታስታውሳታለህ? መሥሪያ ቤታችሁ ማሽን ሊተክል የመጣው ቤልጅጋዊ ሲሰናበት የሰጠህ የአገሩ ቢራ፣ ቡሹ በሽቦ የታሰረው። በጋዜጣ ጠቅልለህ ከኮልፌ ፌርማታ ጀምሮ እንደ እንቁላል ታቅፈህ አመጣኸው። አንተን ሰውዬው ከሌላ ጠርሙስ አቅምሶህ ነበር። መጀመሪያ ቅመሺው፣ ከዚያ አንድ ነገር እነግርሻለሁ አልከኝ፤ ዓይንህ ይስቅ ነበር።

እኔ ደሜ ፈላ። በመድኃኔዓለም ማኅበር ጠላዬ የሚመሰገን ሴት፣ ባሌ የፈረንጅ ቢራ ሊያወዳድርብኝ ነው ብዬ ተቀብዬህ ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ብርሃኑ ሳይመጣ አይከፈትም አልኩህ። ልጄን ሰበብ አደረግሁት እንጂ ነገሩ ቅናት ነበር፤ ይኸው ዛሬ ነገርኩህ። አንተ ግን አመንከኝ። በየበዓሉ ሣጥኑን በዓይንህ እየጠቀስክ ትስቃለህ፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ታመህ ከተኛህ በኋላም አንድ ቀን ወደዚያው ተመለከትክ። ቁልፉ ማተቤ ላይ ታስሮ ነበር። ስትድን ትጠጣዋለህ አልኩህ። አልዳንክም።

ባለፈው እሑድ ብርሃኑ ከፈተው። ቡሹ ጣራውን መታው፣ አረፋው ጠረጴዛውን አለበሰው። እኔም ጠላ እንደማቀርብ፣ እንደ ወጉ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ መጀመሪያ ቀመስኩ።

ተሰማ፣ ጌሾ ነው! የእነሱን ቅጠል ስሙን አላውቀውም፤ ምሬቱ ግን ምላስ ቆንጥጦ ይዞ ቆይቶ የሚለቅ፣ ገና ሙሽራ ሳለሁ የጠመቅሁልህ ጠላ ራሱ። ማኅበርተኞቹ መረረን ሲሉ በየዓመቱ ጌሾውን እየቀነስኩ ሄድኩ፤ አንተም አንድም ቀን ቅር ሳትል ጠጣህልኝ። ልትነግረኝ የነበረው ይሄን ነው አይደል? የድሮ ጠላዬን ፈረንጅ እጅ ላይ አግኝተህ ልታቀምሰኝ ነበር እኮ የሮጥከው። ምን ነበረበት ያን ዕለት አንድ ጉንጭ ብቀምስ!

ብርሃኑ መረረኝ ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ቀሪውን እያለቀስኩ እኔው ጨረስኩት።

ለሙት ዓመትህ ጠላ እጠምቃለሁ። ጌሾውን እንደ ሙሽርነቴ ነው የማደርገው፤ ማኅበርተኞቹ ፊታቸውን ያጨማድዱ። ከእንግዲህ መዳፌ ላይ ጠብ ባደረግሁ ቁጥር ያንተን ድርሻ እየቀመስኩ ነው፣ ወዳንተ እስክመጣ ድረስ አልረሳህም። ሣጥኑም አይቆለፍም። ቁልፉን ከማተቤ ፈትቼዋለሁ።

ሚስትህ በለጥሽ