ሳይደርስ የገባው ስለትሽ

ሙሉዬ፣ የኔ ሆድ፣

እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ አፌ ለምዶበት። ከሄድሽ ክረምቱ አልፏል፣ መስቀልም ገናም ያለ አንቺ መጥተው ሄደዋል፣ ይኸው ጥርም ሊያልቅ ነው። ደህና ነኝ ማለት አልችልም፤ አለሁ ግን። ደክሞኛል። የመንገድ ድካም አይደለም፤ የመንገዱንማ ታውቂዋለሽ፣ ተኝቼ ስነሳ ይለቀኝ ነበር። ይሄኛው ስነሳም አብሮኝ ይነሳል።

ቤቱ እንደተውሽው ነው ብዬ ብዋሽሽ ደስ ባለኝ። የተከልሽውን ፓፓያ ነፋስ ጣለው፤ የአዳማ ነፋስ መቼ አንድ ነገር አቁሞ ያውቃል። ልጃችን ሰብሊ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ገብታለች፤ ከሥራ ስትመለስ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። እናትሽ የወንጂውን ቤት ዘግተው እኛ ጋ ገብተዋል። "ልጅቷን ላግዛት" ብለው ነው የመጡት፤ እኔን ከጠየቅሽኝ ግን አንቺ የተኛሽበት አልጋ አጠገብ መቀመጥ ፈልገው ነው። እኔ ያው ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር እየጫንኩ ሻሸመኔና ሐዋሳ እመላለሳለሁ። ወረፋ ስጠብቅ ጋቢና ውስጥ ሆኜ ካንቺ ጋር እጨቃጨቃለሁ። አዎ፣ አሁንም።

የምንጨቃጨቀው በጃንጥላው ነው።

ቁም ሳጥኑ ጎን ያቆምሽው፣ ቀዩ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። በሽታው የጠናብሽ ሰሞን "ማርያም ከማረችኝ ለጥር ንግሷ ጃንጥላ አገባለሁ" ብለሽ ተሳልሽ። ይሁን፣ ሰው ሁሉ ይሳላል። ግን ሰው የሚሰጠው ስለቱ ሲደርስለት ነው። አንቺ ሆዬ፣ ገና በቅጡ መቆም ሳትችዪ፣ ሰብሊን ተደግፈሽ ገበያ ወጥተሽ ገዝተሽው መጣሽ! "ሳይድን ስለት የሚገዛ ሰው ገና ዛሬ አየሁ" ብዬ ሳቅኩብሽ። "እኔ ከእመቤቴ ጋር ንግድ የለኝም፤ ለሷ ብዬ ነው የገዛሁት" አልሽና የተጠቀለለበትን ላስቲክ ማጥበቅ ቀጠልሽ። ያኔ የሕመም ወሬ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ግንቦት ላይ ሄድሽ።

ተናድጄ ነበር፣ ሙሉዬ። ባንቺ አይደለም። ይቅር ይበለኝና በእመቤትሽ ነው። እድሜሽን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ጾምሽ፤ እኔ መንገድ ላይ ነኝ እያልኩ ጥብስ ስበላ "ግድ የለም፣ ላንተም እጾምልሃለሁ" ትዪኝ ነበር። አንቺን ያልሰማች ማንን ልትሰማ ነው? ለቅሶ የደረሰኝ ሁሉ በእምነት ጽና ይለኛል። እምነት ማለት ምን እንደሆነ ግን አንድም የነገረኝ የለም። ይሆንልኛል ብሎ መጠበቅ ከሆነ፣ አንቺ ጠብቀሽ ነበር፤ አልሆነም። ታዲያ ምን ቀረ? ጃንጥላው ቀረ። ጋቢዬን ላወጣ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ ያርፍበታል፣ እኔም ፊቴን አዙሬ እወጣለሁ።

ንግሱ ሲቃረብ የጃንጥላው ነገር ቤት ውስጥ ተነሳ። ሰብሊ "አባዬ፣ ስለቱ አልደረሰም፣ ግዴታ የለብህም፤ ራስህን አታድክም" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። እናትሽ አስገባው ቢሉኝ እምቢ ልል ተዘጋጅቼ ነበር እኮ! እሳቸው ግን ጃንጥላውን አውጥተው አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አቆሙት። በማግስቱም እንዲሁ ጠረጉት።

የንግሱ ጠዋት አንስቼው ወደ ማርያም ወጣሁ። አምኜ ነው እንዳልልሽ ውሸት ይሆናል። አንቺ እሰጣለሁ ያልሽውን ሳትሰጪ ቀርተሽ አታውቂም፤ ይሄ አንዱ እንዲቀርብሽ አንጀቴ አልቻለም።

ስለት የሚያስገባው ሰው ብዛት! ከፊቴ የነበረችው ሴት ልጅ ወልዳ ምንጣፍ ይዛለች፤ ከሷ ፊት ያለው ጎልማሳ ከአደጋ ተርፎ መጋረጃ አመጣ። እያንዳንዳቸው የተደረገላቸውን በማይክ ሲናገሩ እልልታው ይቀልጣል። ተራዬ ደረሰና አስተናባሪው "ወንድሜ፣ እመቤታችን ምን አደረገችልህ?" ብሎ ማይኩን አፌ ላይ ደቀነው። መዋሸት እችል ነበር። "የባለቤቴ ነው። ከማረችኝ ብላ ተስላ ነበር። ግንቦት ላይ አርፋለች" አልኩ።

ሰውየው ማይኩን ወደ ራሱ መለሰ። ምን ብሎ እልል በሉ ይበል? ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ፤ ምነው ባልመጣሁ አልኩ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ያኔ ከኋላዬ፣ ከሴቶቹ መሃል፣ አንዲት የሻከረች እልልታ ተሰማች። ብቻዋን። ዞር ስል እናትሽ ናቸው፤ ለካ ተከትለውኝ መጥተዋል። ከነጥቁር ልብሳቸው፣ እንባቸው እየወረደ፣ እልል ይላሉ። ልጃቸውን የቀበሩ እናት! ትንፋሽ አጥሯቸው ሲያቆሙ አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ተቀበሏቸው፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ። እኔም ግንቦት ላይ ያላለቀስኩትን እዚያው ቆሜ አለቀስኩት።

ታቦቷ ወጥታ ቤተ ክርስቲያኑን ስትዞር ጃንጥላዎቹ ሁሉ ተዘርግተው ነበር። ያንቺን በዓይኔ ፈለግኩት፤ ቀይ ከፋይ ብዙ ነው፣ መለየት አልቻልኩም። ቤት ስንገባ እናትሽ ጉልበታቸውን እያሹ "ሽምብራ ይነከር" አሉ።

እምነት ይሄ ይሁን አይሁን እንጃ። ድካሙ አልለቀቀኝም፤ ማኩረፌንም አልተውኩም፣ ትንሽ ቀለል አለኝ እንጂ። ግን ባለፈው ረቡዕ ሻሸመኔ የለመድኩት ምግብ ቤት ገብቼ የጾም በያይነት አዘዝኩ። አስተናጋጇ "ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?" ብላ ሳቀችብኝ። እጄን ታጥቤ በላሁ።

አልረሳሽም፣ የኔ ሆድ። ረቡዕ በመጣ፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር አስብሻለሁ። ስትጾሚልኝ ኖረሻል፤ ከእንግዲህ አንቺ እረፊ፣ እኔ እጾምልሻለሁ።