በረዶው ሳይቀልጥ

ሰኞ፣ የካቲት 8

ዛሬም ያው ድምፅ። ሦስተኛ ማርሽ ሳስገባ ከሞተሩ ራስ በኩል ጠቅ ጠቅ ይላል። ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል፣ ስለቀው ይመለሳል። ቫልቩ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ፒስቶኑ ከሆነ አለቀልኝ።

ቆጣሪው ሰማንያ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል። ይህ ሞተር ብስክሌት እኔ ዘንድ የደረሰው ከሁለት ሰው እጅ አልፎ ነው። እዚህ ዳንግላ ሰዉ ዶቅዶቄ ይለዋል። እኔ በደህና ቀን ሞተሬ እለዋለሁ፤ በክፉ ቀን የምጠራበት ስም እዚህ አይጻፍም።

የፊታችን ቅዳሜ ከግምጃ ቤት ከተማ ማዶ፣ ግራዝማች ቸኮል መንደር፣ ከብት እከትባለሁ። ለደስታ፣ ከብት ለሚፈጀው በሽታ። ክትባቱ ዓርብ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ይመጣል፣ በበረዶ ተከቦ። በረዶው ቢበዛ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ይቆያል። ከቆሰበር ወዲያ ወደ ግራዝማች አገር አውቶቡስ የለም፤ በፈረስ ጋሪ ብሄድ መንገድ ላይ ይቀልጣል። እንግዲህ ሁሉም ነገር በዚህ ጠቅ ጠቅ በሚል ብረት ላይ ነው።

አምና የሆነውን ለማንም አልተናገርሁም። እዚህ ልጻፈው። ሰንሰለቱ መንገድ ላይ ተበጥሶብኝ ስጠግን ዋልሁ። ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በረዶው ውሃ ሆኗል፣ ውሃውም ለብ ብሏል። ክትባቱ እንደ ሞተ አውቄያለሁ። ሰዉ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ከብቱን ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሟል። አፈርሁ። ዝም ብዬ ወጋሁ። ግንቦት ላይ ደስታ ገባ፤ የግራዝማች ሁለት በሬ ሞተ፣ የሌላውም ሞተ። "አንዳንድ ጊዜ መርፌው አይይዝም" ብዬ ዘጋሁት። እነሱም አመኑኝ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ጋሽ ወርቅነህ ዘንድ ዋልሁ። የወፍጮ ቤቱን ሞተር የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። በጣሊያን ጊዜ የጭነት ካሚዮን ረዳት ነበር፤ ዕቃውን ሁሉ እስከ ዛሬ በጣሊያን ስሙ ይጠራዋል። ደጃፉ ላይ ፈታታነው። የተሠራው፦

ቫልቭ። ክፍተቱን በምላጭ ለካነው፤ አንድ ምላጭ ማስገባት ሲገባው ሁለት ያስገባል። ጠበቅ ተደረገ። ጠቅታው ከዚህ ነበር፤ ፒስቶኑ አይደለም፣ ተመስገን።

ካንዴላ። ከስሏል። ተፋቀ።

ካርቡራተር። ቀጭኗን ቀዳዳ በፈረስ ጭራ ፀጉር ጠረግናት። እኔ ሽቦ ላስገባ ስል እጄን መታኝ። "ቀዳዳዋን ታሰፋትና ቤንዚኑን እንደ ጠላ ይጨልጥልሃል" አለኝ።

ሰንሰለት። በላምባ ታጠበ። ሁለት ጣት ያህል እንዲረግብ ተደረገ።

የፊት ጎማ። ስድስት ቦታ ተለጥፏል። ለሰባተኛ ቦታ የለውም።

ዘይት። ወርዷል። ጥቂት ጨመርሁና ቆርቆሮው አለቀ። ሌላ እስኪላክ ወር ይፈጃል።

ከከተማው ጫፍ ደርሼ ተመለስሁ። ፀጥ ብሏል፣ እንደ አዲስ ይሄዳል። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ሲንኳኳ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ በየት በኩል እንደሚመጣብኝ አውቅ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 10

ይህን የምጽፈው ግራዝማች ቸኮል ግቢ፣ ዋርካው ሥር ነው። ቀጠሮውን ላረጋግጥ መጣሁ። እዚሁ አድራለሁ፣ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ።

በዚህ አገር የእንግዳ ፈረስ የእንግዳው ጣጣ አይደለም። ልጓሙን ይቀበሉታል፣ ኮርቻውን ያወርዱለታል፣ እንግዳው እጁን ቢያስገባ ባለቤቱ ይቀየማል። ግራዝማች ለሞተሬም ያንኑ አደረጉ። መሪውን ከእጄ ተቀብለው ግቢውን ሁለት ጊዜ አዞሩት። "ያላበ ፈረስ ወዲያው አይቆምም፣ ብርድ ይመታዋል" አሉኝ። ከዚያ እንዳይበርደው የእህል ዳውላ አለበሱት። ሳቄን በግድ ያዝሁ።

"ምን ይቀምሳል?" አሉ።

"ቤንዚን ይበላል፣ ዘይት ይጠጣል ግራዝማች፤ ዛሬ ግን ጠግቧል" አልኋቸው።

ሳቁ። የነነዌ ጾም የመጨረሻው ቀን ነው፤ ሽሮ በአዲስ የኑግ ዘይት ቀረበልን። ዘንድሮ ኑጉ ደኅና ሰጥቷል። እሳቸው ስለ ኑግ፣ እኔ ስለ ቅዳሜ እናወራለን።

ከዚያ ነው ያልጠበቅሁትን የሰማሁት። አምና ስለሞቱት ከብቶች አንሥተው ሳለ "የእናኑ ጣጣ ነው" አሉ። እናኑ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከመንደሩ ጫፍ ትኖራለች፣ ከአገውኛ በቀር አትሰማም። ክትባቱ በተሰጠ ሰሞን በሬዋን ለአንድ ዘመድ አውሳ፣ ያም ሰው በጊዮርጊስ ዕለት አርሶበታል አሉ። መርፌው ያልያዘው ቅዱሱ ተቆጥቶ ነው ብለው ከመንደሩ ማኅበር አስወጥተዋታል። እሷም ያ አንድ ያላት በሬ ሞቶባታል።

ወሬውን መልሼ ወደ ኑጉ አዞርሁት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ፣ የካቲት 11

ክፉ ቀን።

ጠዋት ልነሣ ስል ግራዝማች "ትናንት ጠምቶት ነበር፣ አጠጣሁልህ" አሉኝ። ቀልድ መሰለኝና ሳቅሁ። ግምጃ ቤትን ሳልፍ ኋላዬን ባይ መንገዱ በሰማያዊ ጭስ ተሞልቷል። ሽታውም የማውቀው ሽታ ነው፦ የሚቁላላ ሽንኩርት ብቻ የቀረው ወጥ። ቆሜ የዘይቱን ክዳን ከፈትሁ። እስከ አፉ ሞልቷል። ኑግ!

አምና ዘይት ስጨምር በየትኛው ቀዳዳ እንደሆነ አይተው ኖሯል። ለጾም ያስጨመቁትን፣ ለቤታቸው የሚሳሱለትን፣ ለእንግዳ ፈረስ ብለው ሰጡ። ሰንሰለቱንም ቀብተውታል። ልቆጣ ፈለግሁና አልሆነልኝም። እኔው ነኝ ዘይት ይጠጣል ያልሁት።

ካንዴላው አራት ጊዜ ጠፋ። አራት ጊዜ ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ መለስሁት። ከቆሰበር በታች ያለውን ዳገት በእጄ ገፋሁት። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ያለ ጥያቄ ዕቃቸውን አስቀምጠው አገዙኝ፤ አንዱ እየሸተተ "ሐኪም፣ ምሳ ይዘሃል እንዴ?" አለኝ። ዳንግላ የደረስሁት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ጋሽ ወርቅነህ አንድ ጊዜ አሸተተና ሳቁን ለቀቀው። ቀጥሎ ግን ፊቱ ተለወጠ። ኑግ ሲግል እንደ ሙጫ ይሆናል አለኝ። ፒስቶኑ ላይ ያለውን ቀለበት ከያዘው ሞተሩ አይነሣም።

ነገ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 12

የሰማዕታት ቀን ነው፣ መሥሪያ ቤት ዝግ። ሚካኤልም ነው። ጋሽ ወርቅነህ "በሚካኤል መፍቻ አልነካም" ብሎ ድርቅ አለ። ለመንሁት። እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። በመጨረሻ "እጄ አይነካም፣ አፌ ግን አልተከለከለም" ብሎ በርጩማ አወጣና ጥላው ውስጥ ተቀመጠ።

እሱ እየተናገረ እኔ ስፈታ ዋልሁ። "ግራውን! አይ፣ ያንተን ግራ ሳይሆን የእኔን ግራ!" ሁለት ጊዜ ተጣላን። የሞተሩን ራስ አወረድሁ። ኑጉ እውነትም ሙጫ ሆኗል፣ ቡናማ፣ ጣት የሚይዝ። ቀለበቶቹ ከቦታቸው አልንቀሳቀስ አሉ። በላምባ ነከርኋቸው፣ ቆየሁ፣ በቀጭን እንጨት ቀስ ብዬ ነካካኋቸው። አንዱ ቢሰበር ምትክ የለም። አንደኛው ለቀቀ፤ ሁለተኛው ለቀቀ። ሦስተኛው ግን እስከ ስምንት ሰዓት አስጨነቀኝ።

ዘይት ከየት ይምጣ? የወፍጮው አለ፣ ግን ወፍራም ነው። ጋሽ ወርቅነህ በዓይኑ ጥጉን አሳየኝ፤ ቆርቆሮውንም ሊነካ አልፈለገም። ቀዳሁ። ሲገጠም አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ረገጥሁ። ምንም። ረገጥሁ። ምንም። ብልጭታ የሚሰጠውን ፑንቲና ሳላጸዳ ገጥሜው ኖሯል። ጠረግሁት፣ በሰባተኛው ተነሣ። ጋሽ ወርቅነህ በርጩማው ላይ ሆኖ አማተበ።

አውቶቡሱም መጣ። ሣጥኑን ዳሰስሁት፣ እንደ ውርጭ ይቀዘቅዛል። ሰጋቱራ ውስጥ ቀበርሁት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 13

በመመለሻዬ ግምጃ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

ገና ሳይነጋጋ ተነሣሁ። ወፍራሙ ዘይት እስኪሞቅ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ አዘገምሁ። በየመንደሩ እየቆምሁ ሦስት ነገር አያለሁ፦ ጭሱን፣ የፊት ጎማውን፣ ሣጥኑን። አራት ሰዓት ሳይሞላ ደረስሁ። ሣጥኑን ስከፍት በረዶው ግማሹ አለ፣ ነጭ፣ ደረቅ። እንባዬ መጣ። ክትባት አይቶ ያለቀሰ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሰዉ በሙሉ ወጥቷል። እናኑም መጥታለች፤ አንዲት ጊደር ይዛ ከሁሉም ርቃ ቆማለች። ማንም አጠገቧ አልቆመም። ግራዝማች የመጀመሪያውን ወይፈን ቀንዱን ያዙልኝ። "አምና እንኳ ባንተ አልነበረም" አሉኝ፣ ሊያጽናኑኝ። መርፌውን አስቀመጥሁት።

"በእኔ ነበር፣ ግራዝማች" አልሁ። "በረዶው መንገድ ላይ ቀልጦብኝ ነበር። መድኃኒቱ እንደ ሞተ አውቄያለሁ። አፍሬ ነው የወጋሁት። የማንም በሬ ቢያርስ ባያርስ ለውጥ የለውም።"

ቀንዱን አልለቀቁትም። ከዚያ "ለእኔ ብቻ አይደለም። ለሁሉም በል" አሉኝ።

አልሁ። ወደ ሰዉ ዞሬ፣ አልሁ። አማርኛ የሚሰሙት ወዲያው አጉረመረሙ። ግራዝማች በአገውኛ አዞሩት። እኔ ያልሁት አጭር ነበር፤ የእሳቸው ረዘመ። በመካከሉ የእናኑን ስም ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ፊቶች ሁሉ መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ቀጥሎ ወደ እሷ ዞሩ። አንድ ሰው ዱላውን ጠበቅ አደረገ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ።

ማንም አልመታኝም። እናኑ የጊደሯን ገመድ ሳበች፣ ይዛት ሄደች። ሳትከተብ። ሌላው ሁሉ ቆየ። በረዶው ሳይቀልጥ ከብቱ በሙሉ ተወጋ። ከግራዝማች በቀር ያናገረኝ ሰው የለም፤ እሳቸውም ያሉኝ "ቀጥል" ብቻ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 14

ዳንግላ ገባሁ። ቫልቩ መንኳኳት ጀምሯል፣ የወፍጮው ዘይት አልተስማማውም። የፊት ጎማ ደኅና ነው። ጎኔ ያመኛል። ለመሥሪያ ቤቱ የምልከውን ወረቀት ጀመርሁ፤ የአምናውንም ጻፍሁበት። ሥራዬን ሊወስዱት ይችላሉ። ቢሆንም የጻፍሁትን አልሰረዝሁም።

የሚያስጨንቀኝ ያቺ ጊደር ናት። በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ተከትቦ እሷ ብቻ ቀርታለች። በሽታው ከገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። የተረፉኝ ሦስት ጠርሙሶች በረዶው ስለ ቀለጠ አይሆኑም፤ አውቶቡሱ ረቡዕ አዲስ ክትባት በበረዶ ሊያመጣልኝ ይችላል።

ሰኞ፣ የካቲት 15

ከግምጃ ቤት አካባቢ ለገበያ የመጣ ሰው የግራዝማችን መልእክት ይዞ መሥሪያ ቤት ድረስ መጣ። ማኅበሩ ትናንት ተቀምጧል። እናኑን ይቅር በይን ብለዋታል፣ ቦታዋ ተመልሶላታል። እሷ ግን ጊደሯን ለማስከተብ እንቢ ብላለች። የላከችውም ቃል ይኸው ነው፦ "በግራዝማች አፍ ሰምቻለሁ። በራሱ አፍ ይንገረኝ፣ እኔ በምሰማው ቋንቋ። ከዚያ ይውጋት።"

ሐሙስ እመጣለሁ ብዬ ላክሁ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወርቅነህ ደጃፍ ቫልቩን ዳግመኛ ከፈትነው። ዛሬ እጁ ተፈቷል፣ ግማሹን እሱ ሠራው። ሚስቱ የቆሰበር ልጅ ናት፤ በአገውኛ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንቺ የለሽበትም" እንዴት እንደሚባል ጠየቅኋት። ለማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ ቀስ ብላ አለችልኝ። ምላጩን ቫልቩ ሥር እያስገባሁ ደጋገምሁት። ስሳሳት ከጓዳ ሆና ታርመኛለች። አንዱ ድምፅ ከጉሮሮ ነው የሚወጣው፤ እሱ ገና አልሆነልኝም።