እትዬ የሺ የበጠበጡልህ ኮሶ

አባዬ፣ አፈሩ ይቅለልህና፣ ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሞላ። ዝናቡ ተመልሷል። መሬት ላራሹ ተብሎ ያረስከው ማሳ የእኛ ሆኗል፤ ይህን ሳታይ መሄድህ ያንገበግበኛል።

የምጽፍልህ ግን ስለ ጎረቤታችን ስለ እትዬ የሺ ነው። በድርቁ የወደቀውን በሬያችንን ሥጋ ጥሬውን በልተህ ኮሶ ሲታይህ፣ መድኃኒቱን የበጠበጡልህ እሳቸው ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ሆድህን ሲያጥበው ዋለ። በአራተኛው ቀን ሽንትህ ነጠፈ፣ ፊትህ አበጠ፤ ሳምንት አልቆየህም። ታዲያ አገር ዝም ይላል? «በማሳ ድንበር ከተጣሉት ሰው እጅ ኮሶ ይጠጣል እንዴ?» ተባለ። «ምን ጨምረውበት ይሆን» ያልኩት ግን የመጀመሪያዋ እኔው ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ከቤታቸው እሳት የሚጭር፣ ጠላቸውን የሚቀምስ ጠፋ።

በቀደም ወገቤን አሞኝ መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያኔ አንተም ወገብህን ሲያምህ ከከላላ ገበያ የገዛሁልህን ክኒን ትራፊ ይዤ ነበር። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ገልበጥ አድርጎ አየና ማን ዋጠው አለኝ። አባቴ፣ ከኮሶው ማግስት ጀምሮ፣ ጧት ሁለት ማታ ሁለት፣ በባዶ ሆዱ፣ አልኩት። ኮሶው የሰውነትን ውኃ ያሟጥጣል፤ በተራበና በደረቀ ሰው ላይ ይህ ክኒን ሲደራረብ ኩላሊት ይጎዳል አለኝ። እኔ አምኜ? የእትዬ የሺ ዘመድ ይሆን ብዬ አገሩን አጠያየቅሁ፤ ጎጃሜ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ቀን ተመልሼ የሌላ ሰው ወሬ አስመስዬ ጠየቅሁት። ያንኑ ደገመልኝ፤ ያኔ በሽተኛውን ሳላይ እርግጠኛ መሆን አልችልም ብሎ ጨመረበት።

«ዋጠው አባዬ፣ ያሽርሃል» ብዬ በእጄ ያጎረስኩህ እኔ። እምቢ ስትል የተቆጣሁህም እኔ። አሁን የምጠረጥረው ራሴን ነው።

ትናንት ተዝካርህ ነበር። አስቀድሜ እትዬ የሺ ደጅ ሄጄ ጠላውን ይጥመቁልኝ አልኩ። «ደግሞ ምን ተንኮል ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ፤ ፈረድኩላቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። አለቀሱ፣ ግን ጠመቁ።

እንግዳው ዋንጫውን ይዞ እርስ በርሱ ይተያያል፤ ከንፈሩን ያስነካ የለም። መካከላቸው ቆሜ ስለ ክኒኑ ተናገርኩ፣ ዋንጫዬንም ጨለጥኩ። ቄሱ ተከተሉኝ፤ ከዚያ ሌላው፣ አንድ በአንድ።

አባዬ፣ በሕይወት እስካለሁ ስምህን ሳነሳ እንዴት እንደሞትክም እናገራለሁ፤ የእኔን እጅ ሳልደብቅ።